ከኪታቡ ወደ ድስቱ፦ ልጆቻችን ያነበቡትን ቢያበስሉትስ?

ምስጋና ሁሉ መልካም ሲሳይን ለለገሰን አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ አንድን በሽታ ወይም አንድን የምግብ ዓይነት ይዘን እንወያያለን። በዛሬው ጽሑፌ ግን ለወላጆች፣ ለመድረሳ ኡስታዞችና ለትምህርት ቤት መምህራን አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጆቻችን በቁርኣን፣ በሐዲሥና በሌሎች ኪታቦች ውስጥ ስለ ምግብ ያነብባሉ፣ ይሰማሉ። ያንኑ ምግብ በትምህርት ቤታቸው፣ በገዛ እጃቸው እንዲያበስሉት ብናደርግ ስለ አመጋገብ ከብዙ ምክርና ቁጣ የተሻለ ይማራሉ።

ሽሮፕ የማይሞላው ጉድለት

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አለ። «ልጄ አልበላ ብሏል፤ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ስጪኝ» የሚል ነው። ሌላዋ እናት ደግሞ «ጥሩ ቪታሚን ካለሽ» ትላለች። ልጁ ቁርሱን ምን በላ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በአብዛኛው ዳቦ በሻይ ነው። ምሳ ላይ ሽሮ ይበላና ወዲያው ሻይ ይከተልበታል። ለሽሮፑ የሚወጣው ገንዘብ ግን እንቁላል፣ ምስር፣ ጎመንና ቲማቲም ሊገዛ ይችል ነበር። በሐኪም ሳይታዘዝ ፍላጎት ለመክፈት ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒት ልጁን ከማስተኛት በቀር የተጎደለበትን ምግብ አይተካለትም።

ይህን የምጽፈው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ማን አስተማራቸው? በትምህርት ቤት ያየነው ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ምግቦች የሚለውን ክፍፍል ነው። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ቀደም ባለው ጊዜ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የቤት ባልትና ትምህርት ነበር። እሱም ሴቶቹን ወደ ምድጃ፣ ወንዶቹን ወደ እንጨት ሥራ የሚለይ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ስለ ምግብ ብዙ ይነገራቸዋል፤ ምስር ለቅመው፣ አጥበው፣ ጥደው የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በአንጻሩ በመድረሳ ያለውን እንመልከት። የ10 ዓመት ልጅ ረጃጅም ሱራዎችን በቃሉ ይቀራል። በሚቀራው ውስጥ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ተምር፣ ማር፣ ወተት፣ ወይን፣ በለስ፣ ወይራ፣ ዓሣና የተጠበሰ ጥጃ አለ። ቃሉን ያውቀዋል፣ ተጅዊዱን ያሳምረዋል። ምግቡን ግን ከቃሉ ጋር አያይዞ የሚያሳየው የለም። እኔ የምለው ይህ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል፣ ቀሪውን ግማሽ እኛ እናስጨርሰው ነው።

ለምን ከታሪክ እንጀምር?

ልጅ ለማያውቀው ምግብ ፊቱን ያዞራል። ስለ ቪታሚን ቢነገረው አይሰማም። ታሪክ ሲነገረው ግን ጆሮውን ይሰጣል፤ ታሪኩ ውስጥ ያለውን ምግብም ለመቅመስ ይጓጓል። ይህን የሚያስረዳ ግሩም ምሳሌ በሐዲሥ ውስጥ አለን።

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ያገለገሉ ሶሓባ ናቸው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ አንድ ልብስ ሰፊ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ለምግብ ጋበዛቸው። አነስም አብረው ሄዱ። የቀረበው የገብስ ዳቦ፣ ዱባ ያለበት መረቅና የደረቀ ሥጋ ነበር። አነስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሳህኑ ዙሪያ ዱባውን እየፈለጉ ሲመገቡ አዩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዱባን እንደወደዱ ራሳቸው ተናግረዋል።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። አነስን ዱባ ብላ ብሎ የተቆጣቸው የለም። ስለ ጥቅሙም ዝርዝር አልተነገራቸውም። የሚወዱት ሰው ሲበላው አዩ፤ በቃ። አትክልት አልበላም የሚል ልጅ ያለው አባት በመጀመሪያ የራሱን ሳህን ይመልከት።

ይህ ሐዲሥ ለአንድ የምግብ ዝግጅት ክፍለ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ኡስታዙ ሐዲሡን ያስተምራል። ከዚያም ዱባ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በሽንኩርትና በጥቂት ዘይት ይሠራል። እዚህ ላይ ለትልልቆቹ ተማሪዎች የሚነገር አንድ ቁም ነገር አለ። በሐዲሡ ዘመን «ዱባእ» የተባለው የቅል ዘር የሆነ የሚበላ አትክልት ነው። እኛ ዛሬ ዱባ የምንለው ቢጫው ግን መነሻው አሜሪካ ስለሆነ በዚያን ጊዜ በዐረብ አገር አልነበረም። ስሙ ቀርቶልን አትክልቱ ተለውጧል ማለት ነው። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ይወዱታል፤ ኪታብን በጥንቃቄ ማንበብም ይማሩበታል። ቢጫው ዱባ በበኩሉ ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲኖርበት በመሆኑ ዘይቱ ለጣዕም ብቻ እንዳልሆነ ልጆቹ በዚያው ይረዳሉ።

ምስርና ሽንኩርት

በሱረቱል በቀራ 61ኛው አንቀጽ የሙሳ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች በአንድ ዓይነት ምግብ መሰልቸታቸውን ገልጸው ምድር የምታበቅለውን እንደጠየቁ ይነግረናል። ከጠየቁት ውስጥ ቅጠላ ቅጠል፣ የኪያር ዓይነት፣ «ፉም»፣ ምስርና ሽንኩርት ይገኛሉ። ፉም የሚለውን ቃል ከፊል ሙፈሲሮች ነጭ ሽንኩርት፣ ሌሎች ደግሞ ስንዴ ብለው ፈትተውታል።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። አንቀጹ የምግብ ዝርዝር ሊያስተምረን የመጣ አይደለም። የተሻለውን በአነሰው መለወጥ የፈለጉ ሰዎች የተወቀሱበት ነው። ኡስታዙ ይህን መልእክት ሳያስተምር ወደ ድስቱ ቢሄድ አማናውን አጉድሏል። መልእክቱ በሚገባ ከተብራራ በኋላ ግን «እነዚህ ሐላል የሆኑ የምድር በረከቶች ምንድን ናቸው? ምንስ ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ምስር በአገራችን ከሚገኙት ጥሩ ገንቢ ምግቦች አንዱ ነው። የብረት ማዕድንና ፎሌት የሚባለው ቪታሚን አለው። ሁለቱም ደም ለመሥራት ያስፈልጋሉ። ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጃገረዶች በየወሩ ደም ስለሚፈሳቸው ለደም ማነስ የተጋለጡ ናቸው። ታዲያ በምስር ክፍለ ጊዜ ልጆቹ የሚከተሉትን በእጃቸው ይማሩ፦

አንደኛ፣ ምስሩን በሰፌድ ላይ መልቀምና ደጋግሞ ማጠብ። ሁለተኛ፣ በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም ስለማይገባ ቪታሚን ሲ ያለውን ነገር አብሮ ማቅረብ፤ ሎሚ መጭመቅ ወይም ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፎ ሰላጣ ማድረግ ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሻይና ቡና ብረቱን ይዘው ስለሚያስቀሩ ከምግብ ጋር አለመጠጣት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት። አራተኛ፣ ጨውን መጨረሻ ላይ መጨመር። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም በወጣ ደንብ ተደንግጓል። ይህም እንቅርትንና በፅንስ ላይ የሚደርስ የአእምሮ ዕድገት ጉዳትን ለመከላከል ነው። አዮዲኑ በረጅም መፍላት፣ በፀሐይና በእርጥበት ይቀንሳል። ስለዚህ ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይገባል። መጠኑም ለአዋቂ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም፣ ያነሰ እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። የልጆች ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ከአንድ ድስት ምስር ይህን ያህል ትምህርት ይወጣል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ቢጻፍ ግን ማን ያስታውሰዋል?

የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ጎተራ

በሱረቱ ዩሱፍ ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የንጉሡን ሕልም ሲፈቱ ሰባት ዓመት ዝሩ፣ ካጨዳችሁት ከምትበሉት ጥቂት በቀር በዛላው ተዉት የሚል ምክር እንደሰጡ እናነባለን (ከአንቀጽ 47 ጀምሮ)። ከዚያ በኋላ ሰባት የችግር ዓመታት ይመጣሉ። ይህ ታሪክ ድርቅን በሚያውቅ አገር ለሚያድግ ልጅ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት እህል አያያዝ ነው። ሳይደርቅ የገባ እህል ይሻግታል። በሻጋታው ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን በማብሰል አይጠፋም። ለውዝና በቆሎ፣ እንዲሁም በርበሬ በተለይ ይጠቃሉ። ስለዚህ የሻገተውን አጥቦና ቆልቶ መብላት መፍትሔ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ እንደ መድኃኒት ባለሙያ አጥብቄ የማሳስበው ስለ ነቀዝ ክኒን ነው። እህል ውስጥ የሚጨመረው ይህ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ማርከሻ የለውም። ሰው በሚተኛበት ክፍል በተቀመጠ እህል ውስጥ መጨመር ቤተሰብን በሙሉ ለአደጋ ያጋልጣል። በብልቃጥ ወይም በመድኃኒት ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ልጅ እንዲያገኘው መተውም እንዲሁ። ልጆቻችን ይህን ክኒን መልኩን አይተው እንዲሸሹ፣ እንዳይነኩም ማስተማር አለብን። የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ የሚያስተምር ኡስታዝ በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ለዚህ ቢሰጥ ነፍስ ሊያድን ይችላል።

የሚበስለው ምንድን ነው ቢባል ንፍሮ ነው። ስንዴና ሽምብራ ማታ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ይቀቀላል። እህሉ የሚጎድለውን ጥራጥሬው፣ ጥራጥሬው የሚጎድለውን እህሉ ስለሚያሟላ ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሉ የገንቢነት ኃይላቸው ይጨምራል። አያቶቻችን ስሙን ባይጠሩትም እንጀራን በሽሮ፣ ንፍሮን ቀላቅለው ሲበሉ የኖሩት ይህንኑ ነው።

ኢብን በጡጣ በሞቃዲሾ

የምግብ ታሪክ የሚገኘው በዲን ኪታቦች ብቻ አይደለም። በ1304 እ.ኤ.አ. በታንጃ የተወለደው ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ በ1331 እ.ኤ.አ. ገደማ በዘይላ በኩል አልፎ ሞቃዲሾ ደርሶ ነበር። እዚያም በደረሶች ቤት አሳርፈው እንዴት እንዳስተናገዱት በጉዞ መጽሐፉ ዘርዝሯል። በትልቅ የእንጨት ገበታ ላይ በቅቤ የተሠራ ሩዝ ቀረበ፤ ከላዩ የዶሮ፣ የሥጋ፣ የዓሣና የአትክልት ወጥ ነበረበት። ሳይበስል በወተት የተቀቀለ ሙዝም ነበር። በሌላ ዕቃ የረጋ ወተት፣ በጨው የቆየ ሎሚ፣ እርጥብ ዝንጅብልና ማንጎ ቀርቧል። ለሦስት ቀናት በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ እንደመጣላቸውም ጽፏል።

ይህ ገጽ ከጂኦግራፊና ከታሪክ ትምህርት ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ልጆቹ በካርታ ላይ ዘይላንና ሞቃዲሾን ይፈልጉ፤ ሩዙ ከየት እንደመጣ፣ ማንጎው በየትኛው ባሕር እንደተሻገረ ይጠይቁ። ከዚያ ሩዝ በአትክልት ይሥሩ። ኢብን በጡጣ አንድ ነገር ጨምሮ ታዝቧል። የከተማይቱ ሰዎች አንዱ ብቻውን የብዙ ሰው ያህል እንደሚበላና እጅግ ወፍራሞች እንደሆኑ ጽፏል። እንግዲህ ተማሪዎቹ ይወያዩ። ቅቤው ስንት ማንኪያ ይሁን? ከሩዙና ከአትክልቱ የትኛው ይብዛ? በጨው የቆየው ነገር የደም ግፊት ላለበት አያት ይስማማል? ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ በሦስት ስለመክፈል በቲርሚዚ የተዘገበው ሐዲሥም እዚህ ላይ ቢነሣ ቦታውን ያገኛል።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቻችን ከክርስቲያን ጓደኞቻቸው ጋር አብረው ይማራሉ። በዚያ የሚቀርበው ታሪክ የሁሉም የሆነ፣ እንደ ኢብን በጡጣ ጉዞ ወይም እንደ አገራችን ተረቶች ያለ ይሁን። ምግቡም ምስር፣ ዱባ፣ ሩዝ በአትክልት ከሆነ የዕርድ ጥያቄ አይነሣም፤ የጾም ወቅትም አያግደውም። ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የምገባ መርሐ ግብር አለ። ልጁ ከሚመገበው ወጥ አንዱን እንዴት እንደሚሠራ በወር አንድ ቀን ቢያይ ምን ይከፋል?

ኪታቡ የመድኃኒት ዝርዝር አይደለም

ይህን ሐሳብ ሳቀርብ የሚያሰጋኝ ነገር አለ፤ እሱንም ሳልደብቅ ልናገር። በሃይማኖት ስም ምግብን ለማይገባው ነገር የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። ስለ ማር በሱረቱ ነሕል ፈውስ እንዳለበት ተነግሮናል። ስለ ጥቁር አዝሙድም በቡኻሪና በሙስሊም ትልቅ ሐዲሥ አለ። በዚህ እናምናለን። ነገር ግን የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ጥሎ ማር እንዲልስ፣ የደም ግፊት ያለበት ክኒኑን አቋርጦ ጥቁር አዝሙድ ብቻ እንዲውጥ መምከር ሱንና አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አዘዋል፤ ሕክምናም ዕውቀት ይፈልጋል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ጨርሶ መስጠት እንደማይገባም ሁሉም ወላጅ ይወቅ። ማር በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላልና። ተምርም ቢሆን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ጥሩ ምግብ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ግን ቆጥሮና ከሐኪሙ ተማክሮ ይብላው።

የትምህርት ቤቱ ድስት ከዚህ ስሕተት የሚጠብቀን ይመስለኛል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት ሰው ተልቢና የተባለውን የገብስ አጥሚት ይመክሩ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ልጆች አጥሚቱን ራሳቸው አፍልተው፣ ለታመመ ጎረቤት ይዘው ሲሄዱ ምግብ ምን እንደሆነ ይገባቸዋል፦ ደካማን የሚያበረታ፣ ያዘነን የሚያጽናና፣ ጎረቤትን የሚያስታውስ ነገር። መድኃኒቱን የሚተካ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚሄድ።

«ወንድ ልጅና ወጥ ቤት ምንና ምን ናቸው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። መልሱን ከራሳችን ኪታብ እናምጣው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተጠይቀው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሰላት ጊዜ ሲደርስም ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር ተናግረዋል። ቡኻሪ ዘግበውታል። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ደግሞ መረቅ ስትሠራ ውኃውን አብዛና ለጎረቤትህ አድርስ የሚል መልእክት ያለው ትእዛዝ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደተቀበሉ ሙስሊም ዘግበዋል። አቡ ዘር ወንድ አልነበሩምን?

ነገሩን በዛሬ ኑሮም እንመልከተው። ወንድ ልጃችን ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለሥራ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ቤት ተከራይቶ በሻይና በዳቦ ይከርማል፤ ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ክኒን ይገዛል። ሚስቱ በታመመች ወይም በወለደች ጊዜ ለአራስ አጥሚት ማፍላት አያውቅም። ሴት ልጃችን ደግሞ ገና በ8 እና በ9 ዓመቷ ማንም በአግባቡ ሳያስተምራት እሳት ዳር ትቀመጣለች። አንዱ ምንም አልተማረም፣ ሌላዋ ያለ ዕድሜዋ ተጭኖባታል። ሁለቱም ተበድለዋል።

በምን አቅም?

ሰፊ ወጥ ቤት አያስፈልግም። አንድ ማንደጃ፣ ሁለት ድስት፣ ሰፌድ፣ መክተፊያና ንጹሕ ውኃ ይበቃል። ለመጀመር ለሚፈልግ መድረሳ የሚከተለውን እጠቁማለሁ፦

በወር አንድ ቅዳሜ ይመረጥ። ትምህርቱ በክፍል ውስጥ በንባብና በማብራሪያ ይጀመር፤ ሙስሐፉ በቦታው ተከብሮ ይቀመጥ፣ ወደ ማንደጃው አይሂድ። ከዚያ ልጆች እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በአምስት በአምስት ይከፈሉ። ከወላጆች አንድ አባትና አንዲት እናት ይገኙ፤ አባት ይኑር የምለው ሆን ብዬ ነው። ከሰል ሁልጊዜ በደጅ ይቀጣጠል፤ በተዘጋ ክፍል የሚወጣው ጭስ አልባ ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላልና። እሳቱን አዋቂ ይያዝ፤ ትንንሾቹ ይልቀሙ፣ ይጠቡ፣ ይላጡ። ቃጠሎ ቢደርስ የቆሰለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት ነው፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል አይቀባ። ሰፋ ያለ ወይም ፊትን የነካ ከሆነ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሲጨርሱ አብረው ይቀመጡ። ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ (ረ.ዐ.) ልጅ ሳሉ እጃቸው በሳህኑ ውስጥ ሲዞር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቢስሚላህ እንዲሉ፣ በቀኛቸው እንዲበሉና ከፊታቸው እንዲበሉ አስተምረዋቸዋል። ይህ ትምህርት የተሰጠው ምግብ ቀርቦ፣ እጅ ሳህን ውስጥ እያለ ነው። ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ቦታ የለም።

ወላጆች «ልጄን የላክሁት ለቂርኣት ነው» ሊሉ ይችላሉ። ትክክል ናቸው፤ ቂርኣቱ አይነካ። በወር አንድ ቅዳሜ የምትወስደው ሁለት ሰዓት ግን የቀራውን ታጠናለች እንጂ አትቀማውም። ስለ ምስሩ የተቀራው አንቀጽ ምስር በተነካ ቁጥር ይታወሳል። ስለ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ጎተራ የሰማ ልጅ እናቱ እህል ስታሰጣ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ያግዛታል፣ ይጠይቃታል።

ውድ አንባቢ! ሽሮፕ መሸጥ ሥራዬ ነው፤ ለሚያስፈልገው ልጅ ወደፊትም እሸጣለሁ። ምኞቴ ግን ልጆቻችን አድገው ወላጅ ሲሆኑ ወደ መድኃኒት ቤት ከመምጣታቸው በፊት ወደ ድስታቸው የሚመለከቱ እንዲሆኑ ነው። በአካባቢህ፣ በአካባቢሽ ላለው መድረሳ ኡስታዝ ይህን ሐሳብ ዛሬውኑ አንሡለት። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ አንድ ኪሎ ምስርና ሁለት ራስ ሽንኩርት ብቻ ነው የምትጠይቀው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳያችንን ሐላልና ጠይብ ያድርግልን፤ ለልጆቻችንም ጠቃሚ ዕውቀትና ሙሉ ዐፊያ ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።